ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ፦ ለሐሰት ያልታዘዙ አባት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በጋይንት ቤተ ልሔም የቅዱስ ያሬድ ድጓ ይመሰከራል። ደቀ መዝሙሩ በመምህሩ ፊት ተመዝኖና ታርሞ ካላስመሰከረ የድጓ መምህር ተብሎ ወንበር አይዘረጋም። ምስክርነት ግን በጉባኤ ቤት ብቻ የሚፈጸም አይደለም። በሥራ ላይ ያለ ሰው ከበላዩ የማይገባ ትእዛዝ ሲደርሰው የሚመዘንበት ቀን ይመጣል። ለዚህ አብነት ከሚሆኑን አባቶች አንዱ ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ ናቸው።

ብፁዕነታቸው በሰላሌ ፍቼ ተወለዱ። የቀድሞ ስማቸው ኃይለ ማርያም ነበር። የአብነቱን ትምህርት ተምረው፣ መንኩሰውና ወንበር ዘርግተው ሲያስተምሩ ከቆዩ በኋላ በ1921 ዓ.ም. በካይሮ ከተሾሙት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ ሆኑ።

ፋሺስት ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን በያዘ ጊዜ ከሰላሌ አርበኞች ጎን ቆሙ። አርበኞቹ በሐምሌ ወር ከተማዋን ለማስለቀቅ ያደረጉት ሙከራ ሳይሳካ ቀርቶ ብፁዕነታቸው በጠላት እጅ ወደቁ። በአገሩ ላይ አዛዥ ነኝ ያለው ወራሪ የጠየቃቸው አርበኞቹን ሽፍታ ብለው እንዲያወግዙና ሕዝቡ እንዲገዛ እንዲመክሩ ነበር። የፈለገው ጉልበታቸውን ሳይሆን መስቀላቸውን ነው፤ ሐሰት በጳጳስ አንደበት ከተነገረ ሕዝቡ እውነት ብሎ እንደሚቀበለው ያውቅ ነበርና። እሺ ቢሉ ሕይወታቸውና ሹመታቸው በተረፈላቸው ነበር። እርሳቸው ግን የክህነት ሥልጣን የተሰጣቸው መንጋውን ለመጠበቅ እንጂ አሳልፎ ለመስጠት አለመሆኑን ዐውቀው እንቢ አሉ። ሕዝቡም ምድሪቱም ለወራሪ እንዳይገዙ መገዘታቸው ይነገራል። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት ተደብድበው ሰማዕትነትን ተቀበሉ። አገሪቱ ነጻ የወጣችው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው፤ እርሳቸው በዓይናቸው አላዩትም።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ የሚመጣብን ፈተና ጥይት ያለበት አይደለም። ያልተሠራው ተሠራ ተብሎ እንዲጻፍ፣ በሐሰተኛ ደረሰኝ ላይ እንዲፈረም፣ የድሀው ጉዳይ እንዲጓተት አለቃ ያዝዛል። ልጆች የሚያሳድግ ሰው እንጀራዬ ይቋረጣል ብሎ ቢፈራ አያስነቅፍም። ነገር ግን አለቃው የሚፈልገው የእኛን ፊርማ ነው፤ የሚታመነው የእኛ ስም ስለሆነ። ለአለቃ መታዘዝ መልካም ነው፤ ወሰኑ ግን የእግዚአብሔር ሕግ ነው። እንዲህ ያለ ቀን ሲገጥመን በትሕትና እንቢ እንበል፤ ብቻችንንም እንዳንወድቅ ለንስሐ አባታችን እናማክር።

የሰማዕቱ የብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ በረከት ይደርብን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።