ሰባት በር ቆልፎ የሳለው ሰዓሊ

ሥዕሉን መጀመሪያ ያየሁት ስልኬ ላይ ነው። የቤት ሥዕል ብቻ መሰለኝ። ደረጃ፣ በር፣ በረንዳ፣ ጌጠኛ ግድግዳ፣ ደግሞ በር። በጣቴ አጉልቼ ወደ ላይ ስወጣ ነው ቀይ የለበሰች ሴት ስትንጠራራ፣ አረንጓዴ የለበሰ ወጣት ደግሞ ሲያመልጣት ያየሁት። ጭንቅላቱን የወርቅ ነበልባል ከቦታል። ያኔ ገባኝ፤ ለካ ዮሴፍ ነው!

ታሪኩን እኔ የሰማሁት ሰንበት ትምህርት ቤት ነው፤ የጎረቤታችን ልጅ ደግሞ መድረሳ። ወንድሞቹ የሸጡት ልጅ፣ ግብፅ ውስጥ የጌታው ሚስት የወደደችው፣ እምቢ በማለቱ የታሰረው። ዘፍጥረት ምዕራፍ 39 ላይ አለ፤ ቁርአን ውስጥም በስሙ የተሰየመ ሱራ አለው። ሁለቱም የሴትዮዋን ስም አይጠሩም። ዙለይኻ የሚለው በኋላ የመጣ ነው።

ሰዓሊው ከማል አልዲን ቤህዛድ ይባላል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ ሄራት ውስጥ፣ ማለትም በዛሬዋ ምዕራብ አፍጋኒስታን ተወለደ። ገና በልጅነቱ ወላጆቹን አጣ። ያሳደገው ሚራክ ነቃሽ የሚባል ሰዓሊ ሲሆን የሱልጣኑ መጻሕፍት ቤት ኃላፊም ነበር። መጻሕፍት ቤት ስል መጽሐፍ የሚቀመጥበት ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ጸሐፊው፣ ሰዓሊው፣ በወርቅ የሚያስጌጠውና ጠራዡ አብረው የሚሠሩበት ቦታ ነው።

ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ነው መሰለኝ፣ እንዲህ ዓይነት ሥራ ሳይ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ጥያቄ ማን ከፈለ የሚለው ነው። ወርቁ ውድ ነው። ሰማያዊው ቀለም ከባዳክሻን ተራሮች ከሚወጣ ድንጋይ ተፈጭቶ የሚሠራ ነው። የቤህዛድን ወጪ የቻሉት ሱልጣን ሁሴን ባይቀራና የቅርብ ሰዉ፣ ገጣሚው አሊ ሺር ነዋኢ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1488 ለሱልጣኑ የሳዲ ቡስታን የተባለው የግጥም መጽሐፍ ተገለበጠ። ጽሑፉን ሱልጣን አሊ የተባለ ስመ ጥር ጸሐፊ ጻፈው፤ ሥዕሎቹን ቤህዛድ ሠራ። የዮሴፍ ሥዕል አንዱ ነው። ስፋቱ ከአንድ ኤ ፎር ወረቀት ብዙም አይበልጥም።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። ሳዲ የዮሴፍን ታሪክ ሲያነሳ ስለዚህ ሁሉ ክፍልና በር አይናገርም። ቤቱ የመጣው ከሌላ ገጣሚ ነው። እዚያው ሄራት የሚኖረው ጃሚ ከጥቂት ዓመታት በፊት በጻፈው ግጥም ዙለይኻ ሰባት ክፍል ያለው ቤተ መንግሥት ታሠራለች። ዮሴፍን ከክፍል ወደ ክፍል እያስገባች በሩን ከኋላው ትቆልፋለች። በጃሚ ግጥም ግድግዳው ላይ የሁለቱ ፍቅረኛሞች ሥዕል አለ። ቤህዛድ ያንን ተወው። እሱ የፈለገው በሮቹን ነው። ዓይናችን በጠመዝማዛው ደረጃ ሲወጣ ሁሉም በር ዝግ ነው። የሚያይ ሰውም የለም። ዮሴፍ ሮጦ የት ሊደርስ? ግን ይሮጣል።

ሥዕሉ ላይ ቤህዛድ ስሙን ሲፈርም ራሱን ባሪያ ብሎ ነው የጠራው። የዘመኑ የትሕትና ልማድ ነው፣ አውቃለሁ። ቢሆንም እሱም ዕድሜውን የኖረው በሌሎች ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው።

ሱልጣኑ በ1506 ሞተ። በዓመቱ የኡዝቤኩ ሸይባኒ ኻን ሄራትን ያዘ። የሙጋል ሥርወ መንግሥትን የመሠረተው ባቡር በማስታወሻው እንደሚለው፣ አዲሱ ገዢ ብዕር አንስቶ የሱልጣን አሊን ጽሑፍና የቤህዛድን ሥዕል ያርም ነበር። አስቡት እንግዲህ፤ ከተማዋን በጦር የያዘ ሰው ሥዕልህን ሲያርምልህ ምን ትለዋለህ? ባቡር በዚህ ይሳለቃል እንጂ ራሱም ትችት አላጣም፤ ቤህዛድ ጢም የሌለው ፊት ሲስል አገጩን ያበዛዋል ብሏል።

በ1510 ደግሞ የኢራኑ ሻህ እስማኤል ሸይባኒን አሸንፎ ሄራትን ወሰደ። ሦስተኛ ጌታ መጣ ማለት ነው። ቤህዛድ በኋላ ወደ ታብሪዝ ሄደ፤ በ1522 የተጻፈ የሹመት ደብዳቤም የንጉሡ መጻሕፍት ቤት ኃላፊ ያደርገዋል። ያ ወላጅ አልባ ልጅ አሳዳጊው በነበረበት ዓይነት ወንበር ላይ ተቀመጠ። በ1530ዎቹ አጋማሽ አርፎ ታብሪዝ ተቀበረ።

ጌቶቹ ሁሉ አለፉ። መጽሐፉ ዛሬ ያለው ካይሮ፣ በግብፅ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ዮሴፍ የተሸጠባት አገር መሆኗ ነው እንግዲህ። እኔ በሮቹን ስቆጥር ሁለት ጊዜ ተሳስቻለሁ። ስልካችሁ ላይ ፈልጉትና አጉልታችሁ ከታች ጀምራችሁ ቁጠሩ።