ትምህርት ያልገባው ልጅ፦ አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዑረይጃና በአካባቢው የምትኖሩ የተወደዳችሁ ምእመናንና ምእመናት፣ እንኳን ለሐምሌ 7 የቅድስት ሥላሴ በዓል አደረሳችሁ። ይህን ቀን ሁላችን በሥላሴ እናውቀዋለን። ቤተ ክርስቲያናችን ግን በዚሁ ዕለት የአባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫንም ዕረፍት ታስባለች። ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ ሙቀቱም ደጅ አላስወጣ ብሎ ልጆቻችን ቤት በዋሉበት በዚህ ወቅት የእርሱን ታሪክ ብንሰማ ለእነርሱም ለእኛም ይጠቅመናል።

አባ ጊዮርጊስ የተወለደው በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በወሎ ቦረና ሰግላ በምትባል ስፍራ ነው። አባቱ ሕዝበ ጽዮን፣ እናቱ እምነ ጽዮን ይባላሉ። ልጅ አጥተው ሲያዝኑ ኖረው በጸሎት ያገኙት ልጅ ነው። አባቱ በንጉሡ ድንኳን ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግል የተማረ ካህን ስለነበር መጀመሪያ ራሱ አስተማረው፤ ቀጥሎም ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ላከው። ሐይቅ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያደራጁት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ገዳም ነው። በዚያ ዘመን ለአንድ ልጅ ከዚህ የበለጠ ትምህርት ቤት አይገኝም ነበር።

ይሁን እንጂ ልጁ ትምህርት አልገባው አለ። አንድ ወር ወይም አንድ ዓመት ብቻ አይደለም፤ ሰባት ዓመት ሙሉ እንዲሁ እንደሆነ ይተረካል። አብረውት የገቡት ከንባብ ወደ ዜማ፣ ከዜማም ወደ ትርጓሜ ሲያልፉ እርሱ በነበረበት ቀረ። በመጨረሻ የገዳሙ መምህር ልጁን ይዞ ወደ አባቱ ሄደ፤ ትምህርት እንዳልሆነለትም ነገረው።

ወላጆች ሆይ፣ እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። የተማረ አባት ነው፤ የልጁ አለመማር ከማንም ይልቅ የሚያሳፍረው እርሱን ነበር። በልጁ ላይ ተቆጥቶ ከትምህርት ቤት ሊያስወጣው፣ ወደ እርሻ ወይም ወደ ሌላ ሥራ ሊልከው ይችል ነበር። እርሱ ግን ልጁ ለእግዚአብሔር የተሰጠ መሆኑን ተናግሮ፣ ባይማርም እንኳ ገዳሙን እያገለገለ በዚያው እንዲኖር መልሶ ላከው። ልጁን ከመጻሕፍቱ ደጅ አላራቀውም።

ጊዮርጊስም ወደ ሐይቅ ተመልሶ ለማኅበሩ እህል የሚፈጭ ሆነ። ወፍጮና መጅ የምታውቁ እናቶች ምን ያህል ድካም እንዳለው ታውቃላችሁ፤ በአገራችን ልማድ ለወንድ ልጅ ምን ያህል ውርደት እንደሚቆጠርም ታውቃላችሁ። እርሱ ግን አላማረረም። ቀን እየፈጨ፣ ሌሊት በእመቤታችን ሥዕል ፊት ቆሞ ልቡናውን ትከፍትለት ዘንድ እያለቀሰ ይለምን ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን እመቤታችን ተገልጻ ጽዋ እንዳጠጣችውና ልቡናው እንደ በራ ገድሉ ይተርካል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ቤተ ክርስቲያን ሁሉ ያውቀዋል። መጽሐፈ ምሥጢርን፣ ሰዓታትን፣ ውዳሴ መስቀልንና ሌሎች ብዙ መጻሕፍትን ደረሰ። ትምህርት አልገባውም የተባለው ልጅ የዐፄ ዳዊትን ልጆች እስከ ማስተማር እንደ ደረሰ ይነገራል። ስለ ሃይማኖት ተከራክሮ መናፍቃንን ረታ፤ በዚህም ጠላት አተረፈ፤ እስራትም ደረሰበት። መጻፉን ግን አላቆመም። ሐምሌ 7 ቀን 1417 ዓ.ም. ዐረፈ። ይኸው ከስድስት መቶ ዓመት በኋላ በፍልሰታ ሌሊት በየአድባራቱ የሚቆመው ሰዓታት የዚያ የወፍጮ ልጅ ድርሰት ነው።

የተወደዳችሁ፣ ከዚህ ታሪክ ተአምሩን ብቻ ይዘን እንዳንሄድ። ጽዋው የመጣለት ከሰባት ዓመት ትጋት በኋላ፣ ገና በትምህርቱ ደጅ ሳለ ነው። አባቱ ያን ጊዜ ወደ ቤት ወስዶት ቢሆን ኖሮ ምን እናጣ እንደነበር አስቡ።

እኛስ በእነዚህ የዕረፍት ወራት ልጆቻችንን የት አስቀመጥናቸው? አባት መኪና ላይ፣ እናት ሰው ቤት ትውላለች። ልጅ በኤሲ ሥር ስልክ ይዞ ያነጋል፤ ቀን ይተኛል። ድካማችሁን አውቃለሁ፣ አልፈርድባችሁም። ነገር ግን በአብነት ትምህርት ቤት ያለፍን ሁሉ አንድ ነገር እናውቃለን፤ ሌሊት ያልተቀጸለ ቀለም ጠዋት ከመምህሩ ፊት ሲቀርቡ ይጠፋል። ዓመት የተማረውን ልጅ ሁለት ወር ያስረሳዋል። ፊደሉማ ከሁሉ አስቀድሞ ይጠፋል፤ እዚህ በጎዳናው አያየውምና። ነገ ወደ አገር ቤት ስንመለስ በገዛ ቋንቋው መጽሐፍ ማንበብ የማይችል ልጅ ይዘን እንዳንገባ እፈራለሁ።

የምለምናችሁ ከባድ አይደለም። በቀን ግማሽ ሰዓት ስልኩ ይቀመጥና መጽሐፍ ይከፈት። ታናሹ ፊደል ይቁጠር፤ ታላቁ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ድምፁን አውጥቶ ያንብብ፤ የትምህርት ቤቱንም ደብተር ይከልስ። የሚወደው የተረት መጽሐፍ ካለ እርሱም ይሁን፤ ማንበቡ አይቋረጥ። አሠሪ ቤት የምታድሩ እናቶች፣ ማታ ስትደውሉ በልተሃል ወይ ብላችሁ ብቻ አትዝጉ፤ አንድ ገጽ ያንብብላችሁ። ማንበብ የማትችሉ ደግሞ ልጃችሁ ያስተምራችሁ፤ እርሱም እያስተማረ ይጸናል፣ እናንተም ታተርፋላችሁ። ከነሐሴ 1 ጀምሮ በፍልሰታ ሰዓታቱን በስልክ ስታሰሙት፣ የደረሰው ማን እንደሆነ ንገሩት።

በተለይ ዘንድሮ ውጤቱ ዝቅ ብሎ የመጣ ልጅ ያላችሁ፣ ከእኅቱ ወይም ከጎረቤት ልጅ ጋር እያነጻጸራችሁ ደካማ አትበሉት። የጊዮርጊስን ታሪክ ንገሩት፤ እንደ ሕዝበ ጽዮንም ከመጽሐፉ ደጅ አታርቁት። ሌሊት ስለ ልጁ መጸለይና ማልቀስ የእኛ ድርሻ ነው፤ ልቡናን መክፈት የእግዚአብሔር ነው።

የአባ ጊዮርጊስ በረከቱ ይደርብን፤ የእመቤታችን አማላጅነት አይለየን። የልጆቻችንን ልቡና ያብራልን፤ እናንተንም በሥራችሁ ይጠብቅልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።