ብርሃንን በውሃ የመራው መምህር

አባቶቻችን ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ይላሉ። በጆሮ የሰሙት ነገር ቶሎ ይረሳል፤ በዓይን ያዩት ግን ከልብ ተቀርጾ ይቀራል። በዛሬው የእሑድ ገጻችን ታሪኩን ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ሰው ይህን ነገር አጥብቆ የተረዳ፥ ዕድሜውንም ሙሉ ሌላው ሰው እንዲያይ ለማድረግ የደከመ መምህር ነው። ስሙም ጆን ቲንዳል ይባላል።

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ግን ከዚህ ሰው ጋር እንዴት እንደ ተዋወቅን ለመግለጽ እንወዳለን። እኛ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣን ገና ብዙ ጊዜያችን አይደለም። በትምህርት ቤት ሳለን ስለ ብርሃን የተማርነው በጥቁር ሰሌዳ ላይ በተሠመረ መሥመርና በቀስት ነበር፤ ለፈተና አጠናነው፥ ከፈተናም በኋላ ረሳነው። ባለፈው ሰሞን ግን በኢንተርኔት የሚሰጥ አንድ የቪዲዮ ትምህርት ስንመለከት፥ መምህሩ በአንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ሞልቶ ጎኑን በምስማር በሳው። ውሃው ጎብጦ መውረድ ሲጀምር ከጠርሙሱ ማዶ የሌዘር መብራት አበራበት። ብርሃኑም ቀጥ ብሎ በመሄድ ፈንታ ከውሃው ጋር ጎበጠ፤ አብሮትም ወርዶ ከታች የተቀመጠውን ሳሕን አበራ። ብዙ ዓመት ሳይገባን የኖረው ነገር በጥቂት ደቂቃ ገባን። መምህሩም ይህን ሙከራ መጀመሪያ ያገኘው ቲንዳል ነው ብሎ ትምህርቱን ፈጸመ።

እኛም ይህ ቲንዳል ማን ነው ብለን ማንበብ ጀመርን። ያገኘነው ታሪክ ከጠበቅነው ይበልጥ የሚያስተምር ሆነ፤ ምክንያቱም የመምህሩ የመጨረሻ ቃል ትክክል አልነበረም። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

ከቀያሽነት እስከ ዶክተርነት

ጆን ቲንዳል ኦገስት 2 ቀን 1820 ዓ.ም. በአየርላንድ አገር በካርሎው አውራጃ ተወለደ። አባቱ ፖሊስ ነበር፤ ሀብትም አልነበረውም፤ ሆኖም ልጁን በአካባቢው ትምህርት ቤት አስገብቶ ሒሳብና ንድፍ እንዲማር አደረገው። በ1839 ዓ.ም. ቲንዳል ገና ወጣት ሳለ የአየርላንድን ካርታ በሚያነሣው የመንግሥት መሥሪያ ቤት በቀያሽነት ተቀጠረ፤ በ1842 ዓ.ም. ደግሞ ለዚሁ ሥራ ወደ እንግሊዝ ተዛወረ። እዚያም ደመወዙ አነስተኛ፥ የአየርላንድ ተወላጆችም አያያዝ የተበላሸ መሆኑን ስላየ ከባልንጀሮቹ ጋር ሆኖ ተቃውሞ አሰማ። በዚህም ምክንያት በ1843 ዓ.ም. ከሥራው ተባረረ።

በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር የባቡር ሐዲድ በየአቅጣጫው ይዘረጋ ስለ ነበር ቀያሽ ይፈለግ ነበር። ቲንዳልም ጥቂት ዓመታት በዚህ ሥራ ደክሞ ገንዘብ አጠራቀመ። በ1847 ዓ.ም. በደቡብ እንግሊዝ በሚገኘው በኩዊንዉድ ኮሌጅ የሒሳብ መምህር ሆነ። በ1848 ዓ.ም. ግን፥ ዕድሜው 28 ሲሆን፥ ያጠራቀመውን ገንዘብ ይዞ ወደ ጀርመን አገር ወደ ማርቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሄደ። ሌላው ሰው ጎጆ በሚወጣበት ዕድሜ እርሱ በባዕድ ቋንቋ ለመማር ከተማሪዎች ጋር ተቀመጠ። ከመምህራኑም አንዱ ስመ ጥሩው የኬሚስትሪ ሊቅ ሮበርት ቡንዘን ነበር። በ1850 ዓ.ም. የዶክተርነት ማዕረግ ተቀበለ።

ይሁን እንጂ ዲግሪ ይዞ መመለስ ማለት ሥራ አግኝቶ መመለስ ማለት አይደለም፤ ይህን በቅርብ የተመረቅን ሁሉ እናውቀዋለን። ቲንዳልም ወደ ቀድሞ ትምህርት ቤቱ ተመልሶ እያስተማረ እስከ ካናዳና እስከ አውስትራልያ ድረስ የፕሮፌሰርነት ማመልከቻ ላከ፤ የተቀበለው ግን አልነበረም።

የዓርብ ማታው ጉባኤ

በለንደን ከተማ በ1799 ዓ.ም. የተመሠረተ ሮያል ኢንስቲትዩሽን የሚባል የምርምርና የትምህርት ቤት አለ። በዚያን ዘመን የዚህ ቤት ዋና ሰው የኤሌክትሪክ ኃይልን ምሥጢር የመረመረው ታላቁ ማይክል ፋራዴይ ነበር። ፋራዴይ ዓርብ ማታ ማታ ሕዝብ ተሰብስቦ የሳይንስ ትምህርት የሚሰማበትን ልማድ ያቋቋመ ሰው ነው። በዚህ ጉባኤ ፊት ለመናገር መጠራት ትልቅ ክብርም ትልቅ ፈተናም ነበር።

ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1853 ዓ.ም. ተራው የቲንዳል ሆነ። ያን ማታ ያደረገው ንግግር ሰሚዎቹን እጅግ ስላስደሰተ በዚያው ዓመት በቤቱ ፕሮፌሰር ሆኖ ተሾመ። ከሥራው የተባረረው ቀያሽ የፋራዴይ የሥራ ባልደረባ ለመሆን በቃ።

በሚከተለው ዓመት በ1854 ዓ.ም. ቲንዳል ስለ ፈሳሽ ነገሮች ባስተማረ ጊዜ ያን በቪዲዮ ያየነውን ሙከራ አሳየ። ውሃ የተሞላ ዕቃ በጎኑ ቀዳዳ ነበረው፤ በቀዳዳው አንጻር ኃይለኛ መብራት ተደረገ። አዳራሹ ጨልሞ ቀዳዳው ሲከፈት ብርሃኑ ከሚወርደው ውሃ ውስጥ ሳይወጣ አብሮት ወረደ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብርሃን ከውሃ ወደ አየር ሲያልፍ መንገዱን ሰበር ያደርጋል። ከውሃው ፊት ጋር ቀጥ ብሎ የቆመ መሥመር አለ ብለን እናስብ። ጨረሩ ከዚህ መሥመር እየራቀና እያዘነበለ በመጣ መጠን፥ ወደ አየር ሲወጣ ይበልጥ ይጋደማል። ማዘንበሉ 48 ዲግሪ ተኩል ያህል ሲደርስ የሚወጣው ጨረር በውሃው ፊት ላይ ተጋድሞ ይቀራል። ከዚያ ሲያልፍ ግን የሚወጣ ጨረር የለም፤ ሁሉም ወደ ውሃው ይመለሳል። ጠበብት ይህን ሙሉ ውስጣዊ ነጸብራቅ ይሉታል። ሙሉ ያሉትም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከብር የተሠራ መስተዋት እንኳ ከሚያርፍበት ብርሃን ጥቂቱን ሲያስቀር፥ የውሃው ፊት ግን ምንም አያስቀርም። ለመስታወት ይህ ልክ ወደ 42 ዲግሪ፥ ለአልማዝ ደግሞ 24 ዲግሪ ያህል ነው፤ አልማዝ የሚያብለጨልጨው አንድም ስለዚህ ነው።

አንባቢ ይህን ለመመርመር ብዙ ዕቃ አያስፈልገውም። በብርጭቆ ውሃ ሞልቶ ብርጭቆውን ከዓይኑ ከፍ አድርጎ የውሃውን ፊት ከሥር ወደ ላይ ቢመለከት፥ እንደ ብር የሚያበራ መስተዋት ሆኖ ያገኘዋል። እንግዲህ ከቀዳዳው በሚወርደው ውሃ ውስጥ የገባው ጨረር የውሃውን ጎን የሚመታው በጣም አዘንብሎ ስለ ሆነ መውጫ አያገኝም፤ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው እየተላተመ ከውሃው ጋር ይወርዳል። ብርሃኑ የጎበጠ የሚመስለን ቀጥ ያለው መንገዱ ብዙ ጊዜ ስለ ታጠፈ ነው።

ሙከራው የማን ነው?

አሁን ከዋናው ጥያቄ ደረስን። ለብዙ ዘመን መጻሕፍት የዚህን ሙከራ ክብር ለቲንዳል ሲሰጡ ኖረዋል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ብርሃን በዚህ ዓይነት ሙሉ በሙሉ እንደሚመለስ ዮሐንስ ኬፕለር በ1611 ዓ.ም. ጽፎ ነበር። በሚወርድ ውሃ ውስጥ ብርሃንን መርቶ ያሳየው ደግሞ የስዊስ ተወላጁ ዳንኤል ኮላዶን ነው። ኮላዶን በጄኔቭ ከተማ ሲያስተምር የውሃ ፏፏቴ እንዴት እንደሚወርድ ለተማሪዎቹ ለማሳየት ተቸገረ፤ በአዳራሹ ውስጥ ከሩቅ አይታይም ነበርና። ስለዚህ በ1841 ዓ.ም. ብርሃንን በውሃው ውስጥ ላከበት፤ በ1842 ዓ.ም. ደግሞ ነገሩን በፓሪስ በታተመ ጽሑፍ ገለጸ። በ1854 ዓ.ም. ቲንዳል ሙከራውን እንዲያሳይ ያሳሰበው ፋራዴይ ነበር። የኮላዶን ስም ግን ያን ጊዜ አልተነሣም።

ይህ አንድ ጊዜ ብቻ የሆነ ቢሆን ባለፍነው። ነገር ግን ቲንዳል ከ1859 ዓ.ም. ጀምሮ ባደረገው ታላቅ ምርምሩ የውሃ ተንና የካርቦን አሲድ ጋዝ ከምድር የሚወጣውን ሙቀት ይዘው እንደሚያስቀሩ በመሣሪያ ለካ። ዛሬ ስለ ምድር ሙቀት መጨመር የሚነገረው ሁሉ በዚህ መሠረት ላይ ቆሟል። ከእርሱ 3 ዓመት በፊት፥ በ1856 ዓ.ም.፥ ዩኒስ ፉት የምትባል አሜሪካዊት ይህንኑ ጋዝ በመስታወት ዕቃ ዘግታ ከፀሐይ በማኖር ከተራው አየር ይልቅ እንደሚሞቅ አሳይታ ነበር። በእርግጥ የቲንዳል ምርምር ከእርስዋ የጠለቀ ነው፤ የሙቀቱን ጨረር ለይቶ የለካው እርሱ ነው። ሆኖም የእርስዋንም ስም አላነሣም። ስምዋም ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ተረስቶ ኖረ።

እንግዲህ ቲንዳል የሰው ድካም የሚነጥቅ ሰው ነበር እንበልን? ለመፍረድ ከመቸኮላችን በፊት ሌላ ነገር እንጨምር። ዩልዩስ ሮበርት ማየር የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም ኃይል ከመልክ ወደ መልክ ይለወጣል እንጂ አይጠፋም የሚለውን ሐሳብ በ1842 ዓ.ም. ጽፎ ሰሚ አጥቶ ነበር። በ1862 ዓ.ም. በለንደን በታላቅ ጉባኤ ፊት ቆሞ ክብሩ ለማየር ይገባል ብሎ የተናገረ ቲንዳል ነው። በዚህም ከገዛ አገሩ ስመ ጥር ሊቃውንት ጋር ተጣላ፤ ክርክሩም ብዙ ዓመት ቆየ። ለማያውቀው ለባዕድ ሰው እንዲህ የተሟገተ ሰው በራሱ ሥራ ላይ ግን ሌሎቹን ሳያይ አለፈ። የሰው ልጅ የሌላውን ጉድፍ ለማየት ዓይኑ የቀና ነው፤ የራሱን ለማየት ግን መስተዋት ያስፈልገዋል።

የመጨረሻው ዘመን

ቲንዳል በአዳራሽ ብቻ የኖረ ሰው አልነበረም። የበረዶ ተራሮችን ለመመርመር ወደ አልፕስ እየሄደ ተራራ ወጪ ሆነ፤ በ1861 ዓ.ም. ከዚያ በፊት ማንም ያልወጣውን የቫይስሆርንን ተራራ ከሁለት መሪዎቹ ጋር ወጣ። ፋራዴይ በ1867 ዓ.ም. ሲሞትም በቦታው ተተካ። በ1872 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ሄዶ በየከተማው ስለ ብርሃን አስተማረ፤ ሕዝቡም እየጎረፈ ሰማው። ከወጪው የተረፈውን ከ13,000 ዶላር በላይ ግን አንድ ሳንቲም ሳይነካ ለአሜሪካ የሳይንስ ተማሪዎች መርጃ ትቶ ተመለሰ። በልጅነቱ በገንዘብ እጦት የተቸገረ ሰው ይህን ማድረጉ ሊመሰገንበት ይገባል።

በ1876 ዓ.ም. በ55 ዓመቱ ሉዊዛ ሐሚልተን የምትባል ሴት አገባ። እርስዋም ሚስቱ ብቻ ሳትሆን ጸሐፊውና የሥራ ረዳቱ ሆነች። በ1887 ዓ.ም. ጤናው ስለ ታወከ ሥራውን ተወ። እንቅልፍ እንቢ ስላለው ማታ ማታ የእንቅልፍ መድኃኒት፥ ጠዋት ደግሞ ለሆዱ ሌላ መድኃኒት ይወስድ ነበር። ዲሴምበር 4 ቀን 1893 ዓ.ም. ሉዊዛ ጠርሙሶቹ ተምታተውባት የጠዋቱን መድኃኒት የሰጠች መስሏት የእንቅልፉን መድኃኒት አብዝታ ሰጠችው። ወዲያው ሁለቱም የሆነውን አወቁ፤ ሐኪምም ተጠራ፤ ግን አልተቻለም። በዚያው ቀን ሞተ። ሉዊዛ ከዚያ በኋላ 47 ዓመት ኖረች። ይህን ሁሉ ዘመን የባልዋን ደብዳቤና ማስታወሻ እየሰበሰበች የሕይወቱን ታሪክ ለመጻፍ ደከመች፤ ሳትፈጽመው በ1940 ዓ.ም. ሞተች። መጽሐፉን ሌሎች ሰዎች ፈጽመው በ1945 ዓ.ም. አወጡት።

የሚያስደንቀው ነገር ኮላዶንም በዚያው በ1893 ዓ.ም. በ90 ዓመቱ መሞቱ ነው። ብርሃንን በውሃ የመሩት ሁለቱ ሰዎች በአንድ ዓመት ከዚህ ዓለም ተለዩ።

ሙከራው ግን አልሞተም። በ1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ይሠራ የነበረው ቻርልስ ካኦ መስታወት ከእድፍ ቢጠራ ብርሃንን እጅግ ሩቅ ለመውሰድ እንደሚችል አስረዳ፤ ለዚህም በ2009 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ከፀጉር በማይበልጥ የመስታወት ክር ውስጥ ብርሃኑ እንደዚያ ውሃ ከጎን ወደ ጎን እየተመለሰ ይጓዛል፤ የአየርን ቦታ የሚይዘው በክሩ ዙሪያ የተለበጠ ሌላ ዓይነት መስታወት ነው። በ1988 ዓ.ም. የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ገመድ ከአሜሪካ ወደ አውሮፓ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ሥር ተዘረጋ። አገራችን የባሕር ጠረፍ ባይኖራትም በጂቡቲ ከባሕር የሚወጣው መሥመር በየብስ ይደርሰናል። እንግዲህ ያ የጠርሙስና የሌዘር ትምህርት ወደ እኛ የመጣው በዚያው በሚያስተምረው ነገር ተጭኖ ነው።

ስለ ቲንዳል ያለን ፍርድ ይህ ነው። ነገርን መጀመሪያ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው፤ ያገኙትን ሰው ሁሉ እንዲያየው ማድረግም ከዚያ የሚያንስ አይደለም። ቲንዳል ባያሳየው ኖሮ የኮላዶን ፏፏቴ ይህን ያህል ባልታወቀ ነበር። ነገር ግን የሚያሳይ ሰው ዕዳ አለበት፤ ከማን እንደ ተቀበለው አብሮ መናገር አለበት። በየትምህርት ቤቱ የምታስተምሩ መምህራን፥ በኢንተርኔትም ትምህርት የምታቀርቡ ወጣቶች፥ ጠርሙሱን ስትበሱ የቲንዳልን ስም ጥሩ፤ የኮላዶንን ስም ግን አስቀድሙ።