አለቆችን በጠመኔ ክብ ውስጥ ያቆም የነበረው ታይቺ ኦኖ

ካይዘን ሲባል ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ብቻ ትዝ ለሚላችሁ፣ ዛሬ አንድ ሰው እናስተዋውቃችሁ። ታይቺ ኦኖ ይባላል። ጃፓናዊ ነው፤ የተወለደው ግን እ.ኤ.አ. በ1912 ቻይና፣ ዳሊያን ከተማ ነው። በ1932 የቶዮዳ ቤተሰብ የፈትልና ሽመና ፋብሪካ ተቀጠረ፤ በ1943 ወደ መኪና ፋብሪካው ወደ ቶዮታ ተዛወረ።

ከጦርነቱ በኋላ ቶዮታ ኪሱ ባዶ ነበር። ኦኖ የማሽን ክፍል ኃላፊ ሆኖ አንድ ሠራተኛ ብዙ ማሽን እንዲይዝ አደረገ። ሠራተኛው ተቃወመው። እውነት ለመናገር እኛም ብንሆን ዝም አንልም ነበር።

ከየሥራ ቦታው በላይ ደግሞ አንድ ወረቀት አሰቀለ። ሦስት ነገር ይዟል፦ አንዱ ዕቃ በስንት ጊዜ እንደሚያልቅ፣ የሥራውን ቅደም ተከተልና እጅ ላይ መኖር ያለበትን ዕቃ ብዛት። ቁም ነገሩ ግን የጻፈው ሰው ላይ ነው። ቢሮ የተቀመጠ ኢንጂነር ሳይሆን፣ ከሠራተኛው ጋር የሚውለው የቡድን አለቃ ራሱ እንዲጽፈው ይፈልጋል። ለሌላው ለማስረዳት መጀመሪያ የገባው እሱ መሆን አለበታ! ወረቀቱ ወር ሙሉ ሳይሻሻል ከቆየ ኦኖ ይቆጣል፤ ቁጣው ደግሞ የዋዛ አልነበረም።

ችግሩ አልታይ ያለው አለቃ ካለ ወለሉ ላይ በጠመኔ ክብ ያሰምርና እዚያው ያቆመዋል። ለሰዓታት! ተመልሶ ምን እንዳየ ይጠይቀዋል። መልሱ ካላረካው እንደገና ያቆመዋል።

በ1975 የኩባንያው ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነ። በ1990 በ78 ዓመቱ አረፈ።