ፍሎረንስ ናይቲንጌልና የመሪነት ሸክም

በየዓመቱ ግንቦት 4 ቀን የዓለም የነርሶች ቀን ሲከበር የፍሎረንስ ናይቲንጌል ስም ይነሣል። አብዛኞቻችን የምናውቃት በሌሊት ፋኖስ ይዛ ቁስለኞችን በመጎብኘቷ ነው። እኛ ግን ከዚያ በኋላ ያሳለፈችውን ረጅም የድካም ዘመን ልናወሳ ወደድን። በዚህ በገርጂና በአካባቢው ከምንኖረው መካከል በጤና ትምህርት ቤቶች ኃላፊነት ተሸክመው፣ ስለ ተማሪዎችና ስለ መምህራን ሲጨነቁ አምሽተው ዝለው ወደ ቤታቸው የሚመለሱ አሉና። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፍሎረንስ በ1820 ከባለጸጋ የእንግሊዝ ቤተሰብ በኢጣልያ ፍሎረንስ ከተማ ተወለደች። በ1854፣ በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ፣ 38 ሴቶችን አስከትላ ኢስታንቡል አጠገብ ወደሚገኘው የስኩታሪ ወታደራዊ ሆስፒታል ሄደች። እርሷ የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን አባል ብትሆንም ከተከታዮቿ ዐሥሩ ካቶሊካውያት ደናግል ነበሩ። ከእነዚህም አንዷ፣ በለንደን የበርመንዚ ገዳም የምሕረት እኅቶች አለቃ እማሆይ ክሌር ሙር፣ የቅርብ አማካሪዋ ሆኑ። በመንፈሳዊ ሕይወትም ሆነ በአስተዳደር ችሎታ ከእርሷ እንደሚበልጡ ፍሎረንስ ራሷ መስክራለች። ወዳጅነታቸው እማሆይ እስካረፉበት እስከ 1874 ድረስ ጸና።

በ1855 በክሪሚያ ጽኑ ትኩሳት ያዛት። በቀጣዩ ዓመት ወደ አገሯ ብትመለስም አላረፈችም፤ የሠራዊቱን የጤና አጠባበቅ ለማሻሻል ሌት ተቀን ስትደክም በ1857 ታማ ወደቀች። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሥራዋን ያከናወነችው በአመዛኙ በአልጋ ላይ ሆና ነበር።

ሕዝቡ በስሟ ባዋጣው ከ44,000 ፓውንድ በላይ በሆነ ገንዘብ በ1860 በለንደን ቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የነርሶች ትምህርት ቤት በ15 ተማሪዎች ተከፈተ። እርሷ ሕመምተኛ ስለነበረች የሆስፒታሉ የነርሶች አለቃ ወይዘሮ ሣራ ዋርድሮፐር ትምህርት ቤቱንም ደርበው እንዲመሩ ተደረገ።

እዚህ ላይ የፍሎረንስን ጉድለት መሸሸግ አይገባንም። ለራሷ ያልራራች ሴት ለባልንጀሮቿም መራራት ከብዷት ነበር። በመንግሥት ውስጥ ደጋፊዋ የነበሩት ሚኒስትር ሲድኒ ኸርበርት በጽኑ ታመው ሳሉ እንኳ በሥራ ትገፋፋቸው ነበር፤ እርሳቸውም በ1861 በ50 ዓመታቸው ዐረፉ። በ1868 ደግሞ ከትምህርት ቤቷ የወጡት፣ በሊቨርፑል የድሆች ሆስፒታል ነርሶችን ይመሩ የነበሩት አግነስ ጆንስ፣ በብዙ ድካም መካከል በታይፈስ በሽታ በ35 ዓመታቸው ሞቱ። በሁለቱም ሞት ፍሎረንስ እጅግ አዘነች።

በ1871 የቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል ወደ አዲስና ሰፊ ሕንፃ ሲዛወር የወይዘሮ ዋርድሮፐር ሸክም በዛ። ፍሎረንስ ትምህርት ቤቱን በቅርብ ስትመረምር የተማሪዎቹ ትምህርት ተጓድሎ አገኘችው። በኃላፊዋ ላይ ቅር ብትሰኝም ከሥራቸው አልተነሡም፤ ይልቁንም ሥራው ተከፈለ። ከተማሪዎቹ ጋር በአንድ ቤት እየኖረች ትምህርታቸውንና ጠባያቸውን የምትከታተል አንዲት እኅት ተሾመች። ወይዘሮ ዋርድሮፐርም እስከ 1887 ድረስ በኃላፊነታቸው ቆዩ። ፍሎረንስም ነርሶቹን አንድ በአንድ እየጠራች ታነጋግር፣ ለታመሙት ምግብ ትልክ፣ የደከሙትም እንዲያርፉ ትረዳ ጀመር። በ1910 በ90 ዓመቷ ዐረፈች።

ከዚህ ሕይወት የምንማረው ምንድን ነው? ጽናት ማለት ብቻን ተሸክሞ መውደቅ እንዳልሆነ ነው። ድካሙን እንደ መሥዋዕት ብቻ የሚቆጥር መሪ ሳያውቀው ያንኑ ከሌላው ይጠይቃል። አባቶቻችን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ እንደሆነ የተናገሩት ያለ ምክንያት አይደለም። እንግዲህ በጤና ትምህርት ቤቶችም ሆነ በየቁምስናችን ኃላፊነት የተሸከሙትን አገልጋዮች ከማመስገን አልፈን፣ ከሸክማቸው የትኛውን ልናነሣላቸው እንደምንችል እንጠይቃቸው።