ሩሲያኛ ያሳደገው የተጉለት ልጅ

ሮቤ ወይም ጎባ ተቀምጣችሁ፣ የመጀመሪያ ዲግሪያችሁን ከመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ይዛችሁ፣ ሁለተኛውን ሩሲያ ሄጄ በሩሲያ ቋንቋና ባህል ልማር ብትሉ ቤተሰብ ምን እንደሚል መገመት አይከብድም። ሕክምና ወይም ምህንድስና ቢሆን ይሻል ነበር ይሏችኋል። ቋንቋ ምን እንጀራ ይሆናል ብለውም ይጠይቃሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ልጁን ሩቅ አገር የሚልክ ቤተሰብ መጠየቁ አይቀርም። ከመቶ ዓመት በፊት ግን ለዚህ ጥያቄ በኑሮው መልስ የሰጠ አንድ ኢትዮጵያዊ ነበር፤ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም።

ተክለ ሐዋርያት በሰኔ 1876 ዓ.ም. በሸዋ፣ በተጉለት ተወለደ። አባቱ ገና ሕፃን ሳለ ሞቱበት። በኋላ ከወንድሙ ጋር ሐረር ሄዶ ራስ መኮንን ቤት አደገ። በ1888 ዓ.ም. ራስ መኮንን ወደ ዓድዋ ሲዘምቱ ልጁም ተከተለ። ያኔ 12 ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። ዛሬ አምስተኛ ወይም ስድስተኛ ክፍል የሚማር ልጅ ማለት ነው።

ከዓድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ ጋር የነበረው ወዳጅነት ጠነከረ። የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች መጥተው ቁስለኛ አከሙ። ሃይማኖቱም ይቀራረባል፤ ሩሲያ ደግሞ እንደ ጣሊያን፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ በጎረቤት ቅኝ ግዛት አልነበራትም። ራስ መኮንን ልጁን ተምሮ እንዲመለስ ሊዮንቲየቭ ለሚባል ሩሲያዊ አደራ ሰጡት። ልጁ አገሩን ለቆ ወጣ። መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ አልነበረም።

ሩሲያ ውስጥ ያሳደገው የኮሎኔል ሞሎስትቮፍ ቤተሰብ ነው። ዛሬ ሩሲያ የሚሄድ የውጭ ተማሪ ብዙውን ጊዜ ፖድፋክ በሚባለው የመሰናዶ ክፍል አንድ ዓመት ሩሲያኛ ይማራል፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት የሚፈጀውን ማጊስትራቱራ፣ ማለትም ማስተርሱን ይጀምራል። ስልኩ ላይ መተርጎሚያ አለው፣ ማታ ማታ እናቱን በቪዲዮ ያያል። ተክለ ሐዋርያት ይህ ሁሉ አልነበረውም። ፖድፋኩ ያደገበት ቤት ነበር። ቋንቋውን ከባህሉ ለይቶ አልተማረም፤ ሁለቱም አንድ ላይ ገቡበት። ቀጥሎ በሴንት ፒተርስበርግ በሚካኤሎቭ የመድፈኞች ትምህርት ቤት ገብቶ የመድፍን ጥበብ በሩሲያኛ ተማረ።

ከዚህ በኋላ አንቱ እንበላቸው።

እሳቸው ሩሲያ ሳሉ አገሪቱ ተናወጠች። በ1904 እና 1905 እ.ኤ.አ. ጃፓን፣ ሁሉም የናቃት የእስያ አገር፣ ታላቋን ሩሲያ በጦርነት አሸነፈች። በዚያው 1905 አብዮት ፈነዳ። ቋንቋውን የማያውቅ እንግዳ ቢሆን የሚያየው ግርግሩን ብቻ ነው። ሩሲያኛ አፋቸውን የፈቱ ያህል ለሆነላቸው ለተክለ ሐዋርያት ግን ሕዝቡ በምን እንደተቆጣ፣ ሹማምንቱም ምን እንደፈሩ ለመስማት አስተርጓሚ አያስፈልግም ነበር።

ከ10 ዓመት በላይ ቆይተው በአጼ ምኒልክ የመጨረሻ ዘመን ተመለሱ። እዚያው ቀርተው የሩሲያ መኮንን መሆን ይችሉ ነበር። አገር ቤት የጠበቃቸው ኑሮ ደግሞ ምቹ አልነበረም፤ በዚያ ዘመን ውጭ የተማረ ሰው በጥርጣሬ ነበር የሚታየው። ትንሽ ቆይተው እንደገና ወጡ፤ አውሮፓ ሄደው እርሻ ተማሩ። ይህን ልብ በሉልኝ፦ ሩሲያኛው ብቻውን በቂ ነው ብለው አልተቀመጡም፣ አገራቸው የሚፈልገውን ሙያ ጨመሩበት።

ትምህርታቸው ምን እንዳደረገላቸው በደንብ የታየው ግን በ1913 ዓ.ም. ገደማ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ቴአትር ተብሎ የሚታየው ዘፈንና ጭፈራ አላረካቸውም። እውነተኛው ቴአትር ምን እንደሚመስል አውሮፓ አይተዋል። ስለዚህ ራሳቸው ጻፉ፤ ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮሜዲያ። ኮሜዲያ የሚለው ቃል ራሱ የሩሲያኛውን አጠራር ይመስላል። በፈረንሳይ ላ ፎንቴን፣ በሩሲያ ክሪሎቭ እንስሳትን እያናገሩ ሹማምንትን ይተቹ ነበር። ተክለ ሐዋርያትም አውሬዎቹን በአማርኛ አናገሯቸው፣ የአስተዳደሩን ብልሹነት በእነሱ አፍ ገለጡ። የአማርኛ የመጀመሪያው ተውኔት የሚባለው ይህ ነው። መኳንንቱ ፊት ሲታይ ግን ነገሩ ገባቸው። ንግሥት ዘውዲቱ አገዱት፤ የመጀመሪያው ተውኔታችን የመጀመሪያው የታገደ ተውኔትም ሆነ ማለት ነው።

ደራሲው ግን አልተሰበሩም። ጨርጨርን አስተዳደሩ፤ አሰበ ተፈሪን፣ የዛሬዋን ጭሮን፣ ቆረቆሩ። በጅሮንድ ተብለው የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የወጣውን የኢትዮጵያ የመጀመሪያ የተጻፈ ሕገ መንግሥት ያረቀቁትም እሳቸው ናቸው። አርአያ ያደረጉት የጃፓንን ሕገ መንግሥት ነው። በወጣትነቱ ጃፓን ሩሲያን ስታሸንፍ ሩሲያ ውስጥ ሆኖ ለሰማ ሰው ይህ ምርጫ አይገርምም።

ጣሊያን ሊወረን ሲዘጋጅ ጄኔቭ ላይ፣ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ለኢትዮጵያ የቆሙት ተክለ ሐዋርያት ነበሩ። በ1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አገር ለቀው መውጣታቸውን አጥብቀው ተቃወሙ። እሳቸውም በኋላ ተሰደዱ፤ ከነጻነት በኋላም ቶሎ አልተመለሱም። በመጨረሻ ጨርጨር ውስጥ ሂርና ገብተው በእርሻ ኖሩ። በ1969 ዓ.ም. ከ90 ዓመት በላይ ሆኗቸው አረፉ።

እንግዲህ ቋንቋው ምን እንጀራ ሆነላቸው? እውነቱን ለመናገር፣ ሩሲያኛ አዋቂ በመሆናቸው ብቻ ያገኙት ትልቅ ሹመት የለም። ያገኙት ሌላ ነገር ነው፤ የራስን አገር ከውጭ ሆኖ የማየት ዓይን። ያ ዓይን ባይኖር ፋቡላም አይጻፍም፣ ሕገ መንግሥቱንም ለእሳቸው የሚሰጥ አይኖርም ነበር።

ለባሌ ልጅ ደግሞ ቅርብ ምሳሌ ልጨምር። ቫቪሎቭ የሚባል የሩሲያ ሳይንቲስት በ1919 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ብዙ ዓይነት የስንዴ ዘር ሰብስቦ ወሰደ። በ1931 እ.ኤ.አ. ደግሞ ስለ ኢትዮጵያ ስንዴዎች መጽሐፍ አወጣ፤ በሩሲያኛ። ሮቤ ዙሪያ፣ ሲናና ላይ ማሳው ሁሉ ስንዴ ነው፤ የምርምር ማዕከልም አለ። ከዚህ አካባቢ የወጣ አንድ ልጅ ሩሲያኛ ተምሮ ያንን መጽሐፍ በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ቢያቀርብልን ቋንቋ እንጀራ አይሆንም የሚል ሰው ምን ይመልሳል?

ስለዚህ ለመሄድ የምታስቡ ካላችሁ ቤተሰብ ሲጠይቃችሁ አትከፉ። ከሩሲያኛው ጋር ምን ሙያ እንደምታጣምሩ፣ ተምራችሁስ ለማን እንደምትጽፉ አስባችሁ መልሱላቸው። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት የሕይወት ታሪካቸውንም ጽፈው ትተዋል፤ ከሞቱ ከብዙ ዓመት በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታትሟል። በሩሲያኛ ያደጉት እኚህ ሰው ያንን መጽሐፍ የጻፉት በአማርኛ ነው።