መኪና የሚያረጀው መቼ ነው? የአልፍሬድ ስሎን ሕይወትና ትሩፋት

መኪና ያለው ሰው ሁሉ አንድ ቀን ከራሱ ጋር የሚመክርበት ጉዳይ አለ፤ ያለችውን መኪና ጠግኖ ለተጨማሪ ዓመታት ይገልገልባት ወይስ ሸጧት አዲስ ይግዛ? ብዙዎች ይህን ውሳኔ ኪሳቸውን አይተውና የመካኒክ ምክር ሰምተው ብቻ የሚወስኑ ይመስላቸዋል። ይሁን እንጂ ሞተሯ ሳይደክም፣ ካምቢዮዋ ሳይበላሽ አንዲት መኪና አሮጌ የምትባልበት አሠራር በአጋጣሚ የመጣ ሳይሆን ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ታስቦበት የተዘረጋ ነው። አሠራሩን ከዘረጉት ሰዎች መካከል በግንባር ቀደምነት የሚጠቀሱት የጄኔራል ሞተርስ ኩባንያ ፕሬዚዳንት የነበሩት አሜሪካዊው አልፍሬድ ፕሪቻርድ ስሎን ናቸው።

ስሎን እ.ኤ.አ. ሜይ 23 ቀን 1875 በኮነቲከት ግዛት በምትገኘው በኒው ሄቨን ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ቡናና ሻይ በጅምላ የሚያከፋፍሉ ነጋዴ ነበሩ። ልጁ አሥር ዓመት ሲሞላው ቤተሰቡ ወደ ኒው ዮርክ ተዛወረ፤ ስሎንም በብሩክሊን አደጉ። ከልጅነታቸው ጀምሮ በትምህርት ብርቱ ስለነበሩ ወደ ማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ገብተው በ1895 በኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተመረቁ።

ወጣቱ መሐንዲስ ሥራ የጀመሩት በኒው ጀርሲ ግዛት ኩሽኔታ በሚሠራው ሃያት በተባለ አነስተኛ ፋብሪካ ነው። ኩሽኔታ በሚሽከረከር ዘንግና ዘንጉን በሚሸከመው አካል መካከል ገብቶ ፍትጊያን የሚቀንስ፣ ብረት ብረትን እንዳይበላው የሚከላከል ክፍል ነው። በኋላ ዘመን ሰዎች ያላረጀ መኪናቸውን እንዲለውጡ በማድረግ የታወቁት ሰው ሙያቸውን የጀመሩት ማሽን ቶሎ እንዳያልቅ በሚያደርግ ዕቃ መሆኑ ልብ ሊባል የሚገባው ነው።

ፋብሪካው ግን በኪሳራ አፋፍ ላይ ነበር። በ1898 የስሎን አባትና አንድ የሥራ ባልደረባቸው 5,000 ዶላር አውጥተው ስሎን ድርጅቱን እንዲያንቀሳቅሱት ዕድል ሰጧቸው። በስድስት ወር ጊዜ ውስጥ ፋብሪካው 12,000 ዶላር ገደማ ትርፍ አስገኘ። ብዙም ሳይቆይ አዲስ የተወለደው የመኪና ኢንዱስትሪ ዋነኛ ደንበኛው ሆነ። የካዲላክ መሥራች የነበሩት አንጋፋው መሐንዲስ ሄንሪ ሌላንድ የተላኩላቸውን ኩሽኔታዎች አንድ በአንድ ለክተው መጠናቸው እኩል አለመሆኑን ለስሎን እንዳሳዩአቸውና ወጣቱም ከዚያ ቀን ጀምሮ ለልኬት ጥንቃቄ ትልቅ ዋጋ መስጠት እንደጀመሩ ራሳቸው ስሎን በኋላ በጽሑፍ አስፍረውታል።

በ1916 የጄኔራል ሞተርስ መሥራች ዊልያም ዱራንት ሃያትን በ13.5 ሚሊዮን ዶላር ገዙት። ከሁለት ዓመት በኋላ ድርጅቱ በጄኔራል ሞተርስ ሥር ሲጠቃለል ስሎንም የግዙፉ ኩባንያ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኑ። ዱራንት ሩቅ አሳቢ ቢሆኑም ሥርዓት ያለው አስተዳደር አልነበራቸውም፤ በ1920 ገበያው ሲቀዘቅዝ ኩባንያው ተናጋና ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ከእርሳቸው በኋላ ኃላፊነቱን የያዙት ፒየር ዱፖንት ሲሆኑ፣ በሜይ 1923 ደግሞ ተራው የስሎን ሆነ።

በዚያን ጊዜ የመኪናው ዓለም ንጉሥ ሄንሪ ፎርድ ነበሩ። ሞዴል ቲ የተባለችው መኪናቸው በ1908 ለገበያ ስትቀርብ ዋጋዋ 850 ዶላር ገደማ የነበረ ሲሆን በ1920ዎቹ አጋማሽ ከ300 ዶላር በታች ወርዶ ነበር። ፎርድ ጽኑ እምነት ነበራቸው፤ መኪና አንድ ጊዜ በትክክል ከተሠራ ቅርጹን መለወጥ አያስፈልግም፣ ገዢውም በየጊዜው ሌላ እንዲገዛ መገደድ የለበትም የሚል ነው። ገበሬው ራሱ በቁልፍና በመዶሻ ሊጠግናት የሚችላት፣ መለዋወጫዋ በየመንደሩ የሚገኝ፣ ዘንድሮ የተሠራችው ከአምናዋ እምብዛም የማትለይ መኪና ነበረች። ለብዙ ዓመታትም ከጥቁር በቀር ሌላ ቀለም አልነበራትም።

ስሎን በዋጋ ርካሽነት ከፎርድ ጋር ፊት ለፊት መፎካከር ከንቱ ድካም መሆኑን ተረዱ። ስለዚህ ሌላ ጥያቄ አነሡ። ቀደም ሲል መኪና የሚገዛው ሰው በፊት መኪና ያልነበረው ሰው ነበር፤ እንዲህ ዓይነቱ ገዢ ከቦታ ቦታ የምታደርሰውን ካገኘ ይበቃዋል። በ1920ዎቹ አጋማሽ ግን ወደ ሻጭ ደጃፍ ከሚመጡት ብዙዎቹ መኪና ያላቸው ሰዎች ሆነው ተገኙ። መኪና ያለው ሰው መጓጓዣ አላጣም፤ ሌላ እንዲገዛ የሚያነሣሣው አሁን ካለው የተሻለ ነገር ሲያይ ነው። በዚህም መሠረት ዋናው የንግድ ጥያቄ ሰዎች መኪና እንዴት ይገዛሉ ከሚለው ወጥቶ፣ የያዙትን ለምን ያህል ጊዜ ይይዙታል ወደሚለው ተሸጋገረ።

ስሎን ለገበያው መለወጥ አራት ምክንያቶችን ለይተው አስቀምጠዋል። የመጀመሪያው የዱቤ ሽያጭ ነው። ጄኔራል ሞተርስ በ1919 ለመኪና ገዢዎች ገንዘብ የሚያበድር ቅርንጫፍ አቋቁሞ ስለነበር ደመወዝተኛው ሙሉውን ዋጋ እስኪያጠራቅም መጠበቅ ቀረለት፤ ፎርድ ግን ገንዘብ ሳይኖር መግዛትን ለረጅም ጊዜ ሲቃወሙ ቆዩ። ሁለተኛው አሮጌውን መኪና ለሻጩ አስረክቦ የዋጋውን ልዩነት ብቻ መክፈል መለመዱ ነው። ሦስተኛው ጣሪያና መስታወት ያለው የተዘጋ መኪና መስፋፋቱ ሲሆን፣ በ1924 ከኢንዱስትሪው ምርት 43 በመቶ የነበረው ድርሻው በ1927 85 በመቶ ደርሷል። የሞዴል ቲ ስስ አካል ለዚህ ዓይነቱ ከባድ ቤት የተመቸ አልነበረም። አራተኛውና ለትውልድ የተረፈው በየዓመቱ የሚለወጠው ሞዴል ነው።

ያገለገለው መኪና ጉዳይ በተለይ ሊጤን ይገባዋል። አንድ ሰው አሮጌውን ሲያስረክብ መኪናው ወደ ቁርጥራጭ ብረት ክምር አይሄድም፤ አቅሙ ዝቅ ያለ ሌላ ሰው ይገዛዋል። በዚህ ምክንያት የሞዴል ቲ ብርቱ ተቀናቃኝ አዲስ መኪና ብቻ አልነበረም። በተቀራራቢ ዋጋ የሚገኝ፣ ጥቂት ዓመት የተነዳ፣ ነገር ግን ይበልጥ የሚመችና የሚያምር ያገለገለ መኪናም ገበያዋን ተሻማት።

ስሎን የኩባንያውን ምርቶች እንደ መሰላል ደረጃ አሰናዱአቸው። ከታች ሼቭሮሌት፣ ከላይ ካዲላክ፣ በመካከላቸው ደግሞ እንደ ኦልድስሞቢልና ቢዊክ ያሉት ሆኑ። ሰውየው ገቢው ባደገ ቁጥር አንድ ደረጃ ከፍ እንዲል፣ ጎረቤቱም የደረሰበትን ደረጃ ከመኪናው እንዲያውቅ ሆነ። በ1923 ዱኮ የተባለው ፈጣን ቀለም በኦክላንድ መኪኖች ላይ በሰማያዊ ኅብር ሲወጣ፣ ቀደም ሲል ለመድረቅ ሳምንታት ይፈጅ የነበረው ሥራ በሰዓታት የሚያልቅ ሆነ፤ የቀለም ምርጫም ለተራው ገዢ ተከፈተለት።

በ1927 ሃርሊ ኧርል የተባሉት የካሊፎርኒያ ነዳፊ ላሳል የተባለችውን መኪና ቀርጸው አድናቆት ስላተረፉ፣ ስሎን ስለ መኪና ቅርጽና ቀለም ብቻ የሚያስብ የራሱ ክፍል አቋቁመው ኧርልን ሾሙአቸው። በኋላም ይህ አሠራር ቋሚ መልክ ያዘ። ቆርቆሮውን ቅርጽ የሚያስይዙት ማተሚያዎች እጅግ ውድ ስለሆኑ መኪናዋን በየዓመቱ ከሥር መሠረቷ መለወጥ አይቻልም። ስለዚህ ትልቁ ለውጥ በሦስት ዓመት ገደማ አንድ ጊዜ እየተደረገ፣ በመካከሉ ባሉት ዓመታት የፊት መብራቱ፣ ፓራፋንጎውና ጌጡ ይቀየር ነበር። ከሥር ያለው ሞተርና ሻንሲ ብዙም ሳይለወጥ፣ አምና የተገዛችው መኪና በባለቤቷ ዓይን ዘንድሮ ያለፈባት ሆና ትታያለች።

ፎርድ እስከ መጨረሻው ተከላከሉ፤ ገበያው ግን ከእጃቸው ወጣ። ከ15 ሚሊዮን በላይ ሞዴል ቲ ከተመረተ በኋላ በሜይ 1927 ሥራው እንዲቆም አደረጉ። ፋብሪካቸው አዲሱን ሞዴል ለማሰናዳት ለወራት ተዘጋ፤ በዚያው ዓመት ሼቭሮሌት በሽያጭ ፎርድን ቀደመ። ለዘለቄታ የተሠራችው መኪና የተሸነፈችው ስለተሰበረች ሳይሆን ሰው ስለሰለቻት ነበር።

የስሎን ስኬት ያለ ነቀፋ አልቀረም። በ1929 ገደማ ሲሰበር ስለት የማይሆን የደኅንነት መስታወት በውዶቹ መኪኖች ላይ ሲገጠም፣ በርካሹ ሼቭሮሌት ላይም እንዲገጠም የቀረበላቸውን ሐሳብ ትርፍን ይቀንሳል በሚል ምክንያት አልተቀበሉትም። ለመልክ ገንዘብ የማይሰስት ኩባንያ ለተሳፋሪ ደኅንነት ለምን ይሰስታል የሚለው ጥያቄ ከሞታቸው በኋላም ሲነሣ ኖሯል። ከዲሴምበር 30 ቀን 1936 እስከ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1937 ደግሞ በሚሺገን ግዛት በፍሊንት ከተማ የሚገኙ ሠራተኞች ፋብሪካው ውስጥ ተቀምጠው አድማ መቱ። ስሎን ማኅበራቸውን ለማወቅ ፈቃደኛ ባይሆኑም ከ44 ቀን በኋላ ኩባንያው ከሠራተኞቹ ማኅበር ጋር ለመደራደር ተገደደ። መኪናዋን የሚሠራው ሰው ድምፅ ከመኪናዋ መልክ እኩል እንደሚደመጥ ያን ጊዜ ታየ።

በዚያው በ1937 ስሎን የቦርድ ሊቀ መንበር ሆኑ፤ እስከ 1956ም በዚሁ ኃላፊነት ቆዩ። ከባለቤታቸው ከወይዘሮ አይሪን ልጅ አልወለዱም፤ ሀብታቸውንም ለትምህርትና ለምርምር አዋሉት። በ1934 በስማቸው የሚጠራውን የበጎ አድራጎት ድርጅት መሠረቱ። በ1945 ከኩባንያው የምርምር ኃላፊ ከቻርልስ ኬተሪንግ ጋር በኒው ዮርክ የካንሰር ምርምር ተቋም እንዲቋቋም አደረጉ፤ የተማሩበት ተቋም የሥራ አመራር ትምህርት ቤትም ዛሬ በስማቸው ይጠራል። የሥራ ዘመናቸውን የሚተርከው መጽሐፋቸው በ1964 ታተመ። ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1966 በ90 ዓመታቸው ዐረፉ።

ከእርሳቸው ሞት በኋላ ነገሩ ዳግመኛ ተለወጠ። በ1973 የነዳጅ ዋጋ ሲንር ብዙ ገዢዎች ከጌጥ ይልቅ የነዳጅ ፍጆታን ማየት ጀመሩ፤ የጃፓን አምራቾችም ለረጅም ጊዜ የሚያገለግሉ መኪኖችን ይዘው ገቡ። በአሜሪካ መንገዶች ላይ የሚሽከረከሩ መኪኖች አማካይ ዕድሜ በ1970 ገደማ ከ6 ዓመት በታች የነበረ ሲሆን፣ በ2024 12.6 ዓመት ደርሷል። ብረቱ ሲጠነክርና የአዲሱ ዋጋ ሲወደድ፣ ስሎን ያሳጠሩት ዘመን መልሶ ረዘመ።

ይህ ታሪክ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች ሩቅ አይደለም። በዱባይና በአካባቢው የመጀመሪያ ባለቤቶቻቸው የለወጧቸው በርካታ ቶዮታዎች ቀይ ባሕርን ተሻግረው በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ለተጨማሪ አሥርተ ዓመታት አገልግለዋል፤ ስሎን የተገነዘቡት የአሮጌ መኪና ሰንሰለት ከአገር አገር ሲዘረጋ ማለት ነው። በዚያው ከተማ ሰማያዊና ነጭ ቀለም የተቀቡት የላዳ ታክሲዎች ሞዴላቸው ካለፈበት በኋላ ለብዙ ዓመታት የቤተሰብ እንጀራ ሲያበስሉ ኖረዋል። ኢትዮጵያ በ2020 ባወጣችው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በቆዩ መኪኖች ላይ ከፍ ያለ ቀረጥ ስለጣለች፣ በ2024 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ስለወሰነች ይህ መንገድ እየጠበበ መጥቷል።

ከደመወዙ ከፊሉን ወደ ቤተሰቡ ለሚልክ ሠራተኛ የመኪና ለውጥ ቀላል ወጪ አይደለም። መኪናውን ለመለወጥ ሲያስብ ሁለት የተለያዩ ድምፆችን ለይቶ ቢሰማ ይጠቀማል። አንደኛው የብረቱ ድምፅ ነው፤ የጥገናው ወጪ ከመኪናዋ ዋጋ ጋር ሲመዛዘን፣ ፍሬኑ አስተማማኝ መሆኑ፣ መለዋወጫው መገኘቱ፣ ለቤተሰብ ደኅንነት የሚጎድላት ነገር መኖሩ በዚህ ሥር ይገባሉ። ሁለተኛው የዓይን ድምፅ ነው፤ የጎረቤት አዲስ መኪና፣ የማስታወቂያው ብልጭታ፣ የዘንድሮው ቅርጽ። ሁለተኛውን መስማት ነውር አይደለም፤ አቅሙ ያለው ሰው በገንዘቡ ደስ የሚለውን ይገዛል። ግን የዓይኑን ድምፅ የብረቱ አስመስሎ የወር ዕዳ የሚገባ ሰው፣ የሚከፍለው ከመቶ ዓመት በፊት በዲትሮይት ለተቀመረ ሐሳብ መሆኑን ማወቁ አይከፋም።